ቼዝ ለማሻሻል፦ ፈጣኑን ልጫወት ወይስ ዘገም ያለውን?

ቼዝ የሚወዱ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚያነሱብኝ ጥያቄ አለ። «በየቀኑ እጫወታለሁ፣ ሬቲንጌ (የደረጃ ነጥቤ) ግን ንቅንቅ አይልም፣ ምን ይሻለኛል?» ይሉኛል። እኔም ሁሌ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ የስንት ደቂቃ ጨዋታ ነው የምትጫወቱት? መልሱ ብዙ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ቢበዛ አምስት።

እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም፣ የቼዝ ማዕረግም የለኝም። ሥራ ውዬ እራት ከበላሁ በኋላ ስልኬን ወይም ቦርዴን ይዤ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ግን ሁለቱንም መንገድ ሄጄባቸዋለሁ። ለዓመታት ብሊትዝ ብቻ ተጫውቻለሁ፣ ከዚያ ረዘም ወዳለው ዞሬ ልዩነቱን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። አሁንም ሁለቱንም እጫወታለሁ፣ ለየቅል ሥራ ግን።

መጀመሪያ በሰዓቱ እንግባባ። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ፣ ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ከተሰጠ ብሊትዝ ነው። ከ10 በላይ ሆኖ ከ60 በታች ከሆነ ራፒድ ይባላል። 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ክላሲካል የሚባለው። ኢንተርኔት ላይ ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው፤ ቼዝ መጫወቻ ድረ ገጾቹ ሊቼስም ሆነ ቼስ ዶት ኮም ላይ 10 ደቂቃ ራፒድ ተብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ «እኔ እኮ ራፒድ ነው የምጫወተው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ 10 ደቂቃ ከሆነ በፊዴ ዓይን ገና ብሊትዝ ላይ ነው ያለው። 15+10 ሲባል ደግሞ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ይሰጥና በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 10 ሰከንድ ይጨመራል ማለት ነው። የዓለም ራፒድ ሻምፒዮና የሚካሄደው በዚሁ ልክ ነው፣ የብሊትዙ ደግሞ በ3+2። ይህን የጭማሪ ሰከንድ ሰዓት የፈጠራ መብት የጠየቀበት የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988። ስለ ጭማሪዋ በኋላ እመለስበታለሁ፣ ቀላል ነገር አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ረዘም ያለ ጨዋታ የሚያሻሽለው ጊዜ ስለሰጠ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው 30 ደቂቃ ተሰጥቶት በስድስት ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል፣ ብዙዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቆም ብላችሁ ስታስቡ ሐሳባችሁ ይታወቃችኋል። «ፈረሴን እዚህ ያመጣሁት እሱ ወታደሩን ሲገፋ ቢሾፑን ልበላ ነው» የምትሉት ነገር ይኖራችኋል። ከዚያ ሐሳቡ ስህተት ሆኖ ከተገኘ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ማየት ይቻላል፤ ሐሳቡ አለና ይታረማል። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ግን እጅ ነው የሚጫወተው። ጨዋታው አልቆ «እዚህ ጋ ለምን ሩክህን አነሳህ?» ብትባሉ መልስ የላችሁም፣ ምክንያቱም ያኔም ምክንያት አልነበራችሁም። ምክንያት ከሌለ ደግሞ የሚታረም ነገር የለም። ሽንፈቱን አይታችሁ ቀጣዩን ጌም ትጫናላችሁ፣ በቃ።

ክራር የሚለማመድ ሰው አስቡ። ጣቱ በዝግታ ያልለመደውን ዜማ ገና ከጅምሩ በፍጥነት ከመታው፣ በየቀኑ የሚያጠነክረው የተሳሳተውን አመታት ነው። ብሊትዝ ብቻ የሚጫወት ሰው ላይ የማየው ይህን ነው። ይፈጥናል፣ ግን የሚፈጥነው በዚያው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ቦርድ ያላችሁ ብታስቀምጡት ደስ ይለኛል። ነጭ ንጉሥ ኢ4 ላይ አለ (ፊደሉ የቦርዱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። ነጭ ወታደር ኢ2 ላይ። ጥቁር ንጉሥ ኢ6 ላይ ፊት ለፊት ቆሟል። ሌላ ምንም የለም። ተራው የነጭ ነው።

በብሊትዝ እዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ስደርስ ወታደሩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተገፍቶ ኢ3 ላይ ነው የሚገኘው። ሰዓት እየሮጠ ስለሆነ ወታደር መግፋት ደህና ነገር ይመስላል፣ ደግሞም ወደ ንግሥትነት መቅረብ ነው። ግን ወታደሩ ኢ3 ላይ ሆኖ ተራው የነጭ ከሆነ ጨዋታው አቻ ነው። ነጭ ንጉሡን ወደ የትም ቢያንቀሳቅሰው ጥቁሩ ተከትሎ ፊቱ ይቆማል። ወታደሩ ኢ2 ላይ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ግን ነጭ ያችን አንድ እርምጃ በኪሱ ይዟታል ማለት ነው። ኢ3 ይላል፣ ተራው ወደ ጥቁር ይዞራል፣ ጥቁሩ ንጉሥ መንገድ ለመልቀቅ ይገደዳል። ወደ ዲ6 ከሄደ ነጩ ንጉሥ ኤፍ5 ይገባል፣ ወደ ኤፍ6 ከሄደ ደግሞ ዲ5። ከዚያ በኋላ የነጭ ድል ነው። የአንድ ካሬ ልዩነት ነው ማሸነፍንና አቻን የለየው።

ይህንን ኦፖዚሽን የሚሉትን ነገር፣ ንጉሦቹ ፊት ለፊት ቆመው ባለ ተራው መንገድ ለመልቀቅ የሚገደድበትን፣ ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ፣ አንብቤዋለሁም። የገባኝ ግን በ30 ደቂቃ ጨዋታ ላይ እንደዚሁ ያለ ቦታ ደርሼ «እሱ እዚህ ቢሄድ እኔ እዚያ» እያልኩ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ነው። ቆጥሬ አገኘሁት። ያገኘሁትን ደግሞ እስካሁን አልረሳሁትም፣ አሁን በብሊትዝም ቢሆን ወታደሬን ዝም ብዬ አልገፋም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዘገም ባለው ጨዋታ የተማርኩት ነገር ነው በኋላ ፈጣኑ ላይ ያገለገለኝ። በተቃራኒው ሲሆን ብዙ አላየሁም።

ደግሞ ይህ የጀማሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲንጋፖር ላይ ዲንግ ሊረንና ጉኬሽ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወቱ ሁሉም ነገር ለመጨረሻው ለ14ኛው ጨዋታ ቀርቶ ነበር። ዲንግ ያቺን ሩኩን ኤፍ2 ላይ አስቀመጠ። ሩክ ተለዋወጡ፣ ቢሾፕም ተለዋወጡ፣ የቀረው የንጉሥና የወታደር ጨዋታ ነበር። የጉኬሽ የመጨረሻ እንቅስቃሴ ንጉሡን ኢ5 ላይ፣ ኢ3 ላይ ካለው የዲንግ ንጉሥ ፊት ለፊት ማቆም ነበር። ዲንግ እጅ ሰጠ። የዓለም ሻምፒዮንነት የተወሰነው እኔና እናንተ በብሊትዝ ዘለን በምናልፈው ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

ስለ ጉኬሽ ካነሳሁ አይቀር፣ ለዚህ ጥያቄ ከሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በብሊትዝ ግን ከሱ የሚበልጡ ብዙ አሉ። ልጅ ሆኖ ሲያሠለጥነው የነበረው ቪሽኑ ፕራሳና ጠንካራ ተጫዋች እስኪሆን ድረስ ኮምፒውተር ኢንጅን (ጥሩውን እንቅስቃሴ አስልቶ የሚነግር ፕሮግራም) እንዳይነካ ነበር ያደረገው፤ ሁሉንም በራሱ ጭንቅላት እንዲያሰላ። የማሰብ ጉልበቱ የመጣው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ ካርልሰንና ካሩዋና ለዓለም ሻምፒዮንነት 12 ክላሲካል ጨዋታ ተጫውተው 12ቱንም አቻ ወጡ። ወደ ራፒድ ሲገቡ ካርልሰን 3 ለ 0 አሸነፈ። እዚህ ላይ ፍጥነት የራሱ ችሎታ እንደሆነ ይታያል፣ እኔም አልክድም። ግን አስተውሉ፣ ካርልሰን በፍጥነት የሚያየው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ውስጥ የገባ ነው። ፊሸርም እንደዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሄርሴግ ኖቪ ላይ በተካሄደው የብሊትዝ ውድድር ከ22 ነጥብ 19 አግኝቶ እንደ ታል ያሉ ታላላቅ ተጫዋቾችን በሰፊ ርቀት ጥሎ ሲሄድ፣ ከጀርባው የዓመታት ጥናት ነበረው። የነሱን ብሊትዝ አይቶ «እኔም በብሊትዝ ነው የምሻሻለው» ማለት አያስኬድም።

እኔን ከሁሉም በላይ የለወጠኝ ግን ሰፈራችን ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ሰዓት የላቸውም፣ መግዛትም አይፈልጉም። የእንጨት ቦርድ አላቸው፣ አንዷ ወታደር ጠፍታ በቆርኪ የተተካችበት። እሳቸው ጋር ቁጭ ስትሉ ዝም ብሎ ማንቀሳቀስ የለም፤ አንድ ነገር ባነሳችሁ ቁጥር ይጠይቃሉ።

«ይቺን ለምን አመጣሃት?»

«ቢሾፕዎን ልበላ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔስ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ? እኔ ምን እንደማደርግ አይተሃል?»

አላየሁም። እሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ሳላይ ነው የምሄደው። ይህ ጥያቄ ታዲያ አንድ ሁለቴ ሲጠየቁት ያበሳጫል፣ እየቆየ ግን ጋሼ አጠገቤ ባይኖሩም በራሴ ድምፅ መጠየቅ ጀመርኩ። ስልክ ላይ ስጫወትም «እሱስ ምን ያደርጋል?» እላለሁ። ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሞክሩት፤ ሰዓት አጥፉና እያንዳንዳችሁ ምክንያታችሁን ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ተጫወቱ። ተቃዋሚያችሁ ሐሳባችሁን መስማቱ ጨዋታውን አያበላሸውም፣ እንዲያውም እሱም ያላየውን ይናገራል፣ ሁለታችሁም ትማራላችሁ።

በነገራችን ላይ አገራችን ድሮ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የሚባለው የቼዝ ዓይነት አጀማመሩ በጣም ፈጣን ነበር። ወረራ ይሉታል፤ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው በተራ የሚሆነው። ጥድፊያው መጀመሪያ ላይ፣ መበላላቱ ሲመጣ ደግሞ ረጋ ማለት። እኔ ይህ አሠራር ይማርከኛል፤ ዘመናዊውን ቼዝ ስጫወትም ሰዓቴን የማከፋፍለው ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። የማውቀውን ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ቶሎ ቶሎ እጫወተውና ጊዜዬን ለኋላ አስቀምጣለሁ።

ይህ የሰዓት አጠቃቀም ነገር ሰፋ አድርጌ ብናገርበት ይሻላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከብሊትዝ ወደ 15+10 ወይም ወደ 30 ደቂቃ ይቀይርና «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ ይመለሳል። ስታዩት ጨዋታውን ሲጨርስ ሰዓቱ ላይ 22 ደቂቃ ተርፏል። እሱ ዘገም ያለ ጨዋታ አልተጫወተም፤ ብሊትዝ ነው የተጫወተው፣ ተቃዋሚውን እየጠበቀ። ለውጡ የሚመጣው ጊዜውን ስትበሉት ነው። ሁሉም ቦታ ላይ እኩል መብላት ግን አይደለም። እኔ ቆም የምለው አራት ዓይነት ቦታ ላይ ነው፤ መለዋወጥ ሲመጣ፣ የወታደሮቹ አቀማመጥ ሊቀየር ሲል፣ አንዳችን መሥዋዕት ልናደርግ ስንል፣ እና ንግሥቶቹ ወጥተው ወደ ኢንድጌም (የጨዋታው መጨረሻ ክፍል) ልንገባ ስንል። እነዚህ ወደ ኋላ የማይመለሱ ነገሮች ናቸው። የተበላ ቢሾፕ አይመለስም፣ የተገፋ ወታደርም ወደ ኋላ አይሄድም። እዚህ ላይ አምስት ደቂቃም ሰባት ደቂቃም ብትሰጡ አትቆጩ። ሌላው ላይ ሰላሳ ሰከንድ ይበቃል።

ቆም ስትሉ ምን ታስባላችሁ? መጀመሪያ እሱ አሁን ያንቀሳቀሰው ነገር ምን እንደቀየረ እዩ። የትኛው መስመር ተከፈተ፣ የትኛው ካሬ ጠባቂ አጣ። ከዚያ ቼክ (ንጉሥን ማጥቃት)፣ መብላት፣ ማስፈራራት፤ የእናንተንም የእሱንም። እነዚህን ሦስቱን ሳያዩ ማለፍ የለም። ከዚያ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን አወዳድሩ። አንድ ጥሩ ነገር ስታዩ ወዲያው መንካት ትፈልጋላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው እጅን መያዝ የሚያስፈልገው። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ስልክ ላይ ከሆነም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነው የማስበው። በእጅ ከተያዘ ጣት አይታገስም። ልነካ ስል ደግሞ አንዴ የመጨረሻ እይታ፤ ይህን ካደረግኩ በኋላ በነፃ የሚበላ ነገር ትቼ ነው ወይ? ከዚያ በቃ።

መጀመሪያ አካባቢ ይህ ሁሉ ያደክማል። አንድ ጨዋታ ጨርሳችሁ ሁለተኛ መጫወት አያሰኛችሁም። ጥሩ ምልክት ነው። ብሊትዝ ሰላሳ ጌም ተጫውቶ ጭንቅላት የማይደክመው ብዙ ማሰብ ስለሌለበት ነው።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ እንደ ጨዋታው ያህል ይመዝናል፣ እንዲያውም የኔ ሬቲንግ የተንቀሳቀሰው ይህን ካስገባሁ ወዲህ ነው። ኢንጅኑን ወዲያው አትክፈቱ። ስቶክፊሽ የሚባለው ኢንጅን ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል፣ ሁለት ሰከንድ ውስጥ «ስህተት» ብሎ ይነግራችኋል። ግን ስህተት መሆኑን እንጂ እናንተ ምን አስባችሁ እንደተሳሳታችሁ አያውቅም። ያንን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፣ እሱም ሳይረሳ በትኩሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጨዋታውን በራሳችሁ እለፉበትና ያሰባችሁትን በአማርኛ ጻፉ። «እዚህ ጋ ንግሥቱን ያጠመድኩ መስሎኝ ነበር»፣ «እዚህ ጋ ፈርቼ ወደ ኋላ ሄድኩ»። ሊቼስ ላይ በየእንቅስቃሴው አስተያየት መጻፊያ ቦታ አለ፣ ደብተርም ይሆናል። ከዚያ ኢንጅኑን ክፈቱና ሐሳባችሁን ከሱ ጋር አስተያዩ።

ይህን ስሠራ አንድ ነገር ደጋግሞ ወጣ። የምሸነፍባቸው ቦታዎች ላይ ያላየሁት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄድ እንቅስቃሴ ነበር። ቢሾፕ ከፊት ቆሞ ወደ ኋላ ተስቦ ሌላ ጥግ ሲመታ፣ ፈረስ ወደ ኋላ ዘሎ ፎርክ ሲያደርግ (ሁለት ነገር ባንዴ ሲያጠቃ)። ዓይናችን ወደ ፊት ነው የሚያየው። ይህን ካወቅኩ በኋላ «ወደ ኋላ የሚሄድ አለ ወይ?» ብዬ ለይቼ መፈለግ ጀመርኩ፣ ለውጡም ታየ። የናንተ ድክመት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ፒን (ከኋላው ያለው እንዳይበላ መንቀሳቀስ ያልቻለ ነገር) አያይም፣ አንዱ ማሸነፍ ላይ ሲደርስ ይጣደፋል። ጨዋታችሁን ካልጻፋችሁት ግን የቱ እንደሆነ አይታወቅም። በብሊትዝ ይህን ሞክሬ አላዋጣም፤ በአንድ ምሽት የተጫወትኩትን ሁሉ ላጣራ ስል ግማሹ ላይ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም።

አሁን ለብሊትዝ ፍትሕ እንስጠው፣ ምክንያቱም አትንኩት የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ ከነሱ አይደለሁም። ኦፕኒንግ ለመለማመድ ከብሊትዝ የሚሻል የለም። ለምሳሌ ጥቁር ይዛችሁ በኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕ ሲ4 ላይ ፈረስ ኤፍ6 የምትጫወቱ ከሆነ፣ ነጭ ፈረሱን ጂ5 አምጥቶ ኤፍ7ን ያስፈራራል። እናንተ ዲ5 ትላላችሁ፣ እሱ በወታደሩ ይበላል። እዚህ ላይ እጅ በራሱ በፈረስ መልሶ መብላት ያምረዋል። ያን ያደረገ ሰው ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ንጉሡን ወደ መሀል ቦርድ ጎትቶ ያወጣበታል። የተለመደው መልስ ፈረስ ኤ5 ነው፣ ቢሾፑን እየነኩ። ይህን መስመር በረጅም ጨዋታ ብቻ ልለማመደው ብትሉ በወር አንዴ ላይደርሳችሁ ይችላል። በብሊትዝ ግን በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጌም በኋላ የመጀመሪያዎቹን አሥር እንቅስቃሴዎች ብቻ ኦፕኒንግ ኤክስፕሎረር (የተለመዱ አጀማመሮችን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ አይቼ የት እንደወጣሁ አጣራለሁ፣ የቀረውን ጨዋታ አላየውም። ብሊትዝን ለትምህርት የምጠቀምበት እንዲህ ነው። ሰዓት ሲያጥር አለመደንገጥንም ያለማምዳል፤ በረጅም ጨዋታም መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ መቅረቱ አይቀርምና።

ጉዳቱ ግን ወጥመድ ላይ ነው። በብሊትዝ ንግሥትን ቶሎ አውጥቶ ኤፍ7 ላይ ማት (ንጉሡን ማምለጫ አሳጥቶ ማሸነፍ) መሞከር፣ የማይሠራ መሥዋዕት ማድረግ፣ ተቃዋሚውን በሰዓት መብላት ነጥብ ያስገኛል። ነጥብ ያስገኘ ነገር ልማድ ይሆናል። ያን ልማድ ይዛችሁ 30 ደቂቃ ያለው ሰው ፊት ስትቀርቡ፣ ሰውየው ረጋ ብሎ ያስብና መልሱን ያገኘዋል፣ እናንተ ደግሞ ንግሥታችሁን እያሸሻችሁ አምስት እንቅስቃሴ ታባክናላችሁ። ስለ አንድ ደቂቃው ስለ ቡሌት ብዙ የምለው የለኝም። መዝናኛ ነው፣ ደስ ካላችሁ ተዝናኑበት፣ ልምምድ ብላችሁ ግን አትቁጠሩት።

ጭማሪ ሰከንዷን እዚህ ጋ ላንሳት። ብሊትዝም ቢሆን ያለ ጭማሪ አትጫወቱ። 5+0 ላይ መጨረሻው የጣት እሽቅድምድም ነው፤ ያሸነፈ ቦታ ይዛችሁ በሰዓት ትሸነፋላችሁ፣ ወይም የተሸነፈ ቦታ ይዛችሁ ታሸንፋላችሁ፣ በሁለቱም ኢንድጌም አትማሩም። በ5+3 ግን ያሸነፈን ቦታ እስከ መጨረሻው የማድረስ ዕድል አለ። በረጅሙም እንደዚያው፣ ከ20+0 ይልቅ 15+10 እመርጣለሁ።

ታዲያ በሳምንት ስንት? ለሚሠራ ሰው እኔ የምመክረው ሁለት ወይም ሦስት 15+10፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጊዜ ካለ አንድ 30 ደቂቃ፣ ሁሉም ከማጣራቱ ጋር። በቀሩት ቀናት ፐዝል (ምርጡን እንቅስቃሴ ፈልጉ የሚል የቼዝ እንቆቅልሽ)፣ እሱም ሳይጣደፉ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ቆጥሮ ከዚያ መንካት። ብሊትዝ ፈታ ለማለትና ለኦፕኒንግ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁና በነፃ የሚበላ ነገር እየተዋችሁ ከሆነ ብሊትዙን ለጊዜው ብትተዉት ይሻላል፣ የሚያስፈልጋችሁ ማየት ነው፣ ማየት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በጣም የጠነከራችሁ ከሆናችሁ ብሊትዙን ብታበዙትም አይጎዳችሁም።

እንደኛ ላለ ሰው አንድ እውነተኛ ችግር አለ፤ ኔትዎርክና መብራት። ሰላሳ ደቂቃ አስባችሁ ያሸነፋችሁትን ጨዋታ ኔትዎርክ ሲቆረጥ ሰዓቱ አይቆምላችሁም፣ ቆይታችሁ ካልተመለሳችሁ ተቃዋሚው ድሉን መውሰድ ይችላል። ብዙ ሰው ወደ ሦስት ደቂቃ የሚሸሸው በዚህም ምክንያት ነው፣ አልፈርድበትም። ሁለት መፍትሔ አለኝ። አንዱ በአካል መጫወት ነው፣ እንደ ጋሼ ቦርድ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ፈልጉ፣ ሰዓት ባይኖርም የስልክ አፕ ሰዓት ይሆናል። ሁለተኛው ኮረስፖንደንስ የሚሉት ነው፣ ቼስ ዶት ኮም ላይ ዴይሊ ይባላል። ለአንድ እንቅስቃሴ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይሰጣችኋል። መብራት ቢጠፋም ማታ መጥታችሁ ትጫወታላችሁ። ኢንጅን መጠቀም ክልክል ነው፣ የኦፕኒንግ መጽሐፍ ማየት ግን ይፈቀዳል። ቦርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ አንዱን ቦታ ከተለያየ አቅጣጫ የማየው በዚህ ነው። ለመቁጠር ልምምድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ሦስትና አራት ጨዋታ ብቻ ያዙ እንጂ ሃያ ከከፈታችሁ ተመልሳችሁ ብሊትዝ ውስጥ ናችሁ።

ደህና ኔትዎርክ ያላችሁና የምር ረጅም ጨዋታ የምትፈልጉ ደግሞ ሊቼስ 4545 የሚባል የቡድን ሊግ አለ። ስሙ ልኩ ነው፤ 45 ደቂቃ፣ 45 ሰከንድ ጭማሪ። በሳምንት አንድ ጨዋታ ነው፣ ከተቃዋሚያችሁ ጋር ቀንና ሰዓት ተነጋግራችሁ ነው የምትጫወቱት። ለኔ የሚያመቸኝ በ15+10 ብዛት መጫወት ቢሆንም፣ አንድ ጨዋታ ሳምንቱን ሙሉ ተጠብቆ ሲመጣ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለው በነሱ አቆጣጠር የኛ 20 ሰዓት፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ደግሞ 17 ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ ሁሌ በዩቲሲ ጻፉላቸው።